የ65 ቀን ቴምብር

ሰላም፦ ብሩኬ፣ ዛሬም ፖስታ ታቅፈህ መጣህ። ደግሞ የምን ቴምብር ነው?

ብሩክ፦ የደም ልገሳ። የአሜሪካ ነው፤ እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 1971 የወጣ። ዋጋው 6 ሳንቲም። «ደም መለገስ ሕይወት ያድናል» ይላል።

ሰላም፦ ሃምሳ ዓመት አልፎታል እኮ! አሁን ስንት ያወጣል?

ብሩክ፦ ምንም። እውነቴን ነው። በሚሊዮን ነው የታተመው። ያልተለጠፈውን ዛሬም በሳንቲም ታገኚዋለሽ።

ሰላም፦ ታዲያ ምን አስለፋህ?

ብሩክ፦ ያኔ የተራ ደብዳቤ መላኪያ 6 ሳንቲም ነበር። ሜይ 16 ላይ 8 ገባ። ቁጠሪው፣ 65 ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ ይሄን ብቻውን ለጥፈሽ ደብዳቤ አይሄድልሽም።

ሰላም፦ ወይ ጉድ! ጡረታ ወጣ በለኛ።

ብሩክ፦ ረዳት ተቀጠረለት። እኔ የማድነው እሱን ነው። ባለ 6ቱ፣ ጎኑ ባለ 2፣ ላያቸው ላይ ቀኑ የሚነበብ ማህተም። እንዲህ ያለውን ከፖስታው አልነቅልም። ልጅ ሆኜ ውሃ ውስጥ እየዘፈዘፍኩ ስንቱን አበላሽቻለሁ መሰለሽ!

ሰላም፦ እኔን የያዘኝ ግን «መለገስ» የሚለው ነው። በእኛ የድሮ ወግ ደም ይመለሳል እንጂ ማን ይለግሰዋል?

ብሩክ፦ (ሳቅ) አሜሪካም ያኔ ደሙን የሚሸጥ ነበረ። ገንዘብ የቸገረው ሰው ደግሞ ሕመሙን ይደብቃል። ሄፓታይተስ፣ የጉበት በሽታው፣ በተሸጠ ደም ብዙ ሰው ይዞ ነበር። ደሙ የተለገሰ ይሁን የተከፈለበት፣ ከረጢቱ ላይ እንዲጻፍ ግዴታ የሆነው በ1978 ነው።

ሰላም፦ ከቴምብሩ 7 ዓመት በኋላ?

ብሩክ፦ አዎ። ደሙ ራሱ ደግሞ በዚያ ዘመን ፍሪጅ ውስጥ ከ21 ቀን በላይ አይቆይም ነበር።

ሰላም፦ ስለዚህ ቴምብሩ ከደሙ ሦስት እጥፍ ኖሯል! ምን ሆነና ነው የምታዝንለት?

ብሩክ፦ እሱስ እውነትሽን ነው። ቀጥሎ የምፈልገው የኦስትሪያውን ነው፣ የ1968ቱን። ካርል ላንድስታይነር አለበት፤ ቪየና ሆኖ የደም ዓይነቶችን የለየው ሐኪም። የዓለም የደም ለጋሾች ቀን ጁን 14 የሚውለው በእሱ ልደት ነው።

ሰላም፦ እሱንም ከነፖስታው?

ብሩክ፦ ከነፖስታው። የቪየና ማህተም ካለበትማ፣ ያን ቀን ስልክ አላነሳም።