አንድ ለሁለት መቶ፦ ስለ «ኢትዮጵያ» መርከብ ሞዴል
(ሐዋሳ ላይ በተዘጋጀ የእጅ ሥራ ትርዒት የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ እንግዶች፣ መምህራን፣ ወላጆች፣ በተለይ ደግሞ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ዓይናችሁን ከጠረጴዛው ያልነቀላችሁ ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ከሁሉ በፊት ከገባሁ ጀምሮ «ይቺ የሠራሃት ትንሽ መርከብ ሐይቅ ላይ ትሄዳለች?» እያላችሁ ስትጠይቁኝ የነበረውን ልመልስ። አይ፣ ሐይቅ ላይ አትሄድም። ውሃ ውስጥ ብትጥሏት ላትሰምጥ ትችላለች፤ ግን ለዚያ አልተሠራችም።

ምክንያቱን በቁጥር ልንገራችሁ። እውነተኛዋ መርከብ ሙሉ ጭነቷን ስትይዝ 2,750 ቶን ገደማ ትመዝን ነበር። የእኔዋ በርዝመት 200 ጊዜ፣ በወርድ 200 ጊዜ፣ በከፍታም 200 ጊዜ ታንሳለች። ሦስቱን ስታባዙ 8 ሚሊዮን ይመጣል። 2,750 ቶንን ለ8 ሚሊዮን አካፍሉት። 344 ግራም ገደማ ነው። እንግዲህ ውሃው ልክ እንደ ትልቋ ከታች ያለው ቀዩ ቀለም የሚያልቅበት ላይ እንዲቆምላት ከተፈለገ ክብደቷ ይኸው ብቻ መሆን አለበት። እሷ ደግሞ ዋንዛ ናት። ስቱኮ አላት፣ ቀለም አላት፣ ሽቦ አላት። ሚዛን ላይ ስትወጣ ከዚያ ታልፋለች፤ ስለዚህ ከልኳ በታች ዝቅ ብላ ትቀመጣለች ማለት ነው።

ሞገዱም አለ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሐይቃችን ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ለእናንተ 20 ሳንቲም ሜትር ሞገድ ምንም አይደለም፤ እግራችሁን ያርሳችኋል፣ በቃ። በእሷ ልክ ግን 40 ሜትር ነው። ስለዚህ ፍቅር ሐይቅ ወስደን እንሞክራት የሚለውን ሐሳብ ዛሬ እንተወው።

በነገራችን ላይ፣ ሞዴል ውሃ ላይ ማስኬድ ራሱን የቻለ ሳይንስ ነው። ዊሊያም ፍሩድ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1870ዎቹ መጀመሪያ ቶርኪ በምትባል ከተማ ረጅም የውሃ ገንዳ አሠርቶ ከሰም የተሠሩ ትንንሽ መርከቦችን ይጎትትበት ነበር። ትንሿ የምትፈጥረው ሞገድ የትልቋን እንዲመስል በምን ፍጥነት መጎተት እንዳለባት ያሳየው እሱ ነው። በእሱ ስሌት በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መርከብ በአንድ ለሁለት መቶ ስትሠራ በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ከግማሽ እንኳ አትሞላም። ሕፃን እጁን ይዛችሁ ስትሄዱ እንደዚያ ነው የምትሄዱት። መሐንዲስ መሆን የምትፈልጉ ይህን ስም ያዙት።

አሁን ወደ መርከቧ። ስሟ «ኢትዮጵያ» ነው። ፀጉራችሁ የሸበተ ታውቋታላችሁ፤ የቀድሞው ባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብ ነበረች። የተሠራችው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን በሚባለው ግዛት፣ ሐይቅ ዳር ነው። አዎ፣ ሐይቅ ዳር! ሌክ ዋሽንግተን ይባላል፤ ከባሕር ጋር በቦይ የተገናኘ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ልንገራችሁ። 1942 ላይ ውሃ ነካች፣ ጥር 1944 ላይ ሥራ ጀመረች። የመጀመሪያ ስሟ «ኦርካ» ነበር። ሥራዋ ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ማገልገል ነበር፦ ነዳጅ ትሰጣለች፣ መለዋወጫ ትሰጣለች፣ አብራሪዎቹን ታበላለች፣ ታስተኛለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፊሊፒንስ ድረስ ሄዳ አገልግላለች። ከ30 በላይ እህቶች ነበሯት፤ አንዳንዶቹ በኋላ ለጣሊያንም ለደቡብ ቬትናምም ተሰጥተዋል። እሷ ለእኛ ደረሰችን። ጥር 1962፣ በእኛ 1954 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ስሟን ቀይራ የኢትዮጵያ ሆነች። ቤቷ ምጽዋ፣ ዋና ሥራዋ ባሕረኛ ማሠልጠን ነበር። 1991 ላይ ወደ የመን ሄደች። 1993 ላይ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

እንግዲህ ሄጄ የምለካት መርከብ የለችም። ያለው የእህቶቿ ንድፍ፣ ፎቶ እና በላይዋ የሠሩ ሰዎች የሚያስታውሱት ነው።

ውጭ አገር እንዲህ ዓይነት ነገር በካርቶን ታሽጎ ይሸጣል። ክፍሎቹ ተቆርጠው፣ ቁጥር ተጽፎባቸው፣ ማጣበቅ ብቻ ነው። እዚህ ፒያሳ ሱቅ ገብታችሁ «የጦር መርከብ አለ?» ብትሉ ባለሱቁ ከልቡ ይስቅባችኋል። ስለዚህ ከዜሮ ነው የተሠራችው። እውነቱን ለመናገር እኔ ይሄንኛውን እወደዋለሁ። ካርቶን የገዛ ሰው ይቺ ቁራጭ ምን እንደሆነች ሳይጠይቅ ያጣብቃታል። ከዜሮ የሚሠራ ሰው ግን ያልገባውን ነገር መቁረጥ አይችልም። እያንዳንዷ ጎጆ ምንድን ናት? ይህ ቧንቧ ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል? ሳይጠይቅ አንድ እርምጃ አይራመድም።

ዋናው አካሏ 95 ሜትር ነበር፤ ለ200 ሲካፈል 47 ሳንቲም ተኩል። የዋንዛ ጣውላ በስሱ አስሰንጥቄ፣ እያንዳንዱን በራሱ ቅርጽ ቆርጬ፣ በኮላ አንዱን ባንዱ ላይ ደራረብኩት። ከደረቀ በኋላ መሮ፣ ከዚያ መላጊያ፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት። ከወፍራም ካርቶን የተቆረጡ ልኮች አሉ፤ በየቦታው እየለጠፋችሁ ብርሃን በመሃል ያልፍ እንደሆነ ታያላችሁ። ካለፈ ገና ነው፣ ትፍቃላችሁ። የእንጨቱን ጭረት ለመድፈን የመኪና ስቱኮ። ይሄ ሥራ አሰልቺ ነው፤ አላስውበውም። ዘፈን ከፍቶ መሥራት ነው።

ደስ የሚለው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ፊት ለፊት ያለውን መድፍ ጠጋ ብላችሁ እዩት። የትልቋ መድፍ አፈሙዝ ስፋት 127 ሚሊ ሜትር ነው፤ የኛዋ ላይ ከ0.6 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ይህን የሚያህል፣ ቀጥ ያለ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት ቱቦ ከየት ይመጣል? ከፋርማሲ! ቢጫ መያዣ ያለው የሲሪንጅ መርፌ ውስጡ ልክ በዚያው መጠን ነው። ያልተጠቀሙበትን፣ አዲሱን ገዝታችሁ፣ ስለቱን በሞረድ ታነሱና 24 ሚሊ ሜትር ላይ ትቆርጡታላችሁ። መድፍ ሆነ። ልጆች፣ ይህን ከትልቅ ሰው ጋር ብቻ፤ የወደቀ መርፌ ደግሞ በፍጹም አታነሱም።

የወለሏን ዙሪያ የከበበው አጥር የተሠራው ከመዳብ ሽቦ ነው። ሞተር የሚጠመጥሙ ልጆች ጋ ሂዱ። ፀጉር ከሚያህለው ጀምሮ በየውፍረቱ አላቸው፤ ቁርጥራጩን በነፃ ይሰጧችኋል። አንድ ሜትር የነበረው አጥር እዚህ 5 ሚሊ ሜትር ነው። የመልሕቋ ሰንሰለት ከቀጭን የአንገት ሐብል ነው። የማን ሐብል እንደነበር ባለቤቴ እዚህ ስላለች አልናገርም።

ቀለሙ ላይ ልቆይ፤ ዛሬ የመጣሁትም በእሱ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ውፍረቱ። አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር የምታክል የቀለም ንጣፍ በእጃችሁ ላትሰማችሁ ትችላለች። ሁለት መቶ ጊዜ ስታበዟት ግን 2 ሳንቲም ሜትር ነች። ግድግዳዋን 2 ሳንቲም ቀለም የለበሰ መርከብ አስቡ፤ በሩ፣ መስኮቱ፣ መሰላሉ ሁሉ ተደፍኖ ነው የሚታየው። ስለዚህ ብሩሽ ለትንንሹ ነገር ብቻ፤ ሰፊው በነፋስ ይረጫል። ባትላሜራ ጋራዥ የሚሠሩ የሰፈራችን ቀቢዎች ከማንም በላይ ይህን ያውቃሉ። ቲነሩን በርከት አድርጎ፣ ስስ እያደረጉ፣ እያደረቁ፣ እንደገና መርጨት። የሚቸኩል ሰው ቀለሙ ያለቅስበታል።

ቀጥሎ ቀለሙ ራሱ። ከውሃ በላይ ግራጫ፣ ከውሃ በታች ቀይ፣ በመሃል ጥቁር መስመር። ቀዩ ለጌጥ አይደለም። የመርከብ ታች ላይ የባሕር አረምና ዛጎላም ተባይ ይለጠፋል፤ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይበላል። ያን የሚከላከለው ቀለም ውስጥ የመዳብ ኦክሳይድ ይገባል፣ እሱ ደግሞ ቀይ ነው። ነገ ጠዋት ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ውረዱ። ዓሣውን ተዉትና የጀልባዎቹን ጎን እዩ። ውሃው የሚደርስበት ቦታ ላይ አረንጓዴ መስመር አለ። ቀጥ ያለ አይደለም፤ ሰው ብዙ የሚቀመጥበት በኩል ከፍ ይላል። እኔ ስለ መርከብ መስመር ከመጽሐፍ ያልተማርኩትን እዚያ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች መሃል ቆሜ ተምሬያለሁ።

ግራጫው ግን ያከራክራል። የትልቋን መርከብ ቀለም በጣሳ አግኝታችሁ እንኳ ሞዴሏ ላይ ብትቀቡት ይጨልማል። ለምን? ሞዴሏን ከ30 ሳንቲም ሜትር ስትመለከቷት ትልቋን ከ60 ሜትር እንደማየት ነው። በ60 ሜትር መካከል አየር አለ፣ ብርሃን አለ፣ የባሕር እንፋሎት አለ፤ ቀለሙን ያፈዝዘዋል። ስለዚህ ነጭ ጠብ አድርጋችሁ ታቀሉታላችሁ። ስንት ጠብታ? ለዚያ ቀመር የለውም። ደጅ አውጥታችሁ በፀሐይ ታያላችሁ፤ አምፖል ሥር የተወሰነ ግራጫ ያታልላል።

ይህቺ 60 ሜትር ብዙ ነገር ትፈርዳለች። ከ60 ሜትር የበር እጀታ ይታያል? አይታይም፤ እንግዲያው አትሥሩት። ሰው ይታያል? ይታያል፤ 8 ሚሊ ሜትር ተኩል ሆኖ ይቆማል።

ዝገትስ? እዚህ ላይ ከብዙ ሞዴል ሠሪ ጋር አልስማማም። ዘንድሮ ፋሽኑ ዝገት ነው። በየስልኩ የምታዩአቸው ሞዴሎች ከላይ እስከ ታች ቡናማ እንባ ያነባሉ። ችሎታ ያሳያል፣ አልክድም፤ ዝገት መሳል ከባድ ነው። ግን አንድ ሚሊ ሜትር የዝገት ነጥብ በዚህ ልኬት 20 ሳንቲም ሜትር ነች። ሳህን የሚያህል ዝገት በየቦታው ያለበት መርከብ ወይ ከጦርነት ተመልሷል፣ ወይ ባለቤት የለውም።

«ኢትዮጵያ» ደግሞ ማሠልጠኛ ነበረች። የባሕር ኃይል ቀን ሲከበር ምጽዋ ላይ የውጭ አገር የጦር መርከቦች መጥተው አጠገቧ ይቆሙ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ይገኙ ነበር። እዚሁ ከተማችን የሚኖሩ አንድ የቀድሞ ባሕረኛ አሉ። ስማቸውን እንድጠራ አልፈቀዱም። ፎቶ አሳይቻቸው ዝገቱ የት የት እንደነበር ስጠይቃቸው ፊታቸው ተለወጠ። ሠልጣኝ ማለት መፋቂያና ብሩሽ የያዘ ልጅ ነው አሉኝ። ብረቱ ገና ቀላ ሲል ይፋቃል፣ ፀረ ዝገት ይቀባል፣ ግራጫ ይደረብበታል። የምጽዋ ሙቀትና ጨው እንደሆነ አንድ ቀን አይታገሥም። በመጨረሻ የነገሩኝን ሥራዬ ላይ አዋልኩት፦ የተጠገነው ቦታ አዲስ ስለሆነ ከዙሪያው ግራጫ ትንሽ ይጠቁር ነበር።

እዩት እንግዲህ። ግራ ጎኗ ላይ፣ ከመስኮቶቹ ረድፍ ዝቅ ብሎ፣ ከዙሪያቸው ትንሽ ጠቆር ያሉ አራት ማዕዘኖች አሉ። ብዙ ሰው ቀለሙ አልተስተካከለም ብሎኛል። ተስተካክሏል። ትናንት የሠልጣኝ ብሩሽ ያለፈበት ቦታ ነው። ዝገት የፈቀድኩት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የመልሕቁ ሰንሰለት በሚወጣበት ቀዳዳ ሥር። እዚያ ብረት ብረትን ስለሚልጥ የትኛውም ሠልጣኝ አይችለውም። ጭስ ማውጫው አፍ ላይ ደግሞ ትንሽ ጥላሸት አለ፤ ናፍጣ ነው የምትጠጣው።

ጎኗ ላይ ያለው ነጭ ጽሑፍ ኤ-01 መለያ ቁጥሯ ነው። እሱን የጻፍኩት በማስኪንግ ቴፕ ከልዬ፣ በከተር ቆርጬ ነው። ትንፋሽ ይዞ የሚሠራ ሥራ ነው።

አሁን ልመናዬ። የኋላዋ ወለል አላለቀም፤ ጠጋ ስትሉ ባዶ እንጨት ታያላችሁ። ሆነ ብዬ ነው የተውኩት። እኔ እጅ የገቡት ፎቶዎች በአብዛኛው ከፊት ወይም ከጎን የተነሱ ናቸው። ሰው መርከብ ፎቶ ሲያነሳ ፊቷን ነው የሚያነሳው። እህቶቿ ደግሞ በኋላቸው አይመሳሰሉም፤ እያንዳንዷ በየአገሩ እንደ ሥራዋ ተለዋውጣለች። በግምት ልሞላው አልፈልግም። አባታችሁ፣ አጎታችሁ፣ አያታችሁ ባሕር ኃይል ከነበሩ፣ ቤት ውስጥ የፎቶ አልበም ካለ፣ ገልበጥ ገልበጥ አድርጉልኝ። ጓደኞች ተቃቅፈው የተነሱት ፎቶ ይበቃኛል። እነሱ ይስቁ፤ እኔ የምፈልገው ከኋላቸው ያለውን ነው። ፎቶውን አልወስድባችሁም፤ በስልክ አንስቼ እዚያው እመልሳለሁ።

እስከዚያ ድረስ ጠረጴዛው ጋ ኑና እዩ። በ30 ሳንቲም ሜትር፣ እጅ ወደ ኋላ። ምሰሶው ላይ ያሉት ሽቦዎች ሲነኳቸው ይረግፋሉ፤ ልጆች፣ ይህ በተለይ ለእናንተ ነው። ጥያቄ ያለው ደግሞ እዚሁ ነኝ።

አመሰግናለሁ።