ከመጠለያው በፊት ጎረቤት አለ

ጤና ይስጥልኝ! ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ውሾቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ብቻችሁንም የመጣችሁ፣ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ።

እኔ የምሠራው የእንስሳት መጠለያ ውስጥ ነው። ስለ መጠለያ ብቻ የማወራ መስሏችሁ ይሆናል። ስለ መጠለያም አወራለሁ። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። የጠፋ ውሻ ወይም የጠፋች ድመት ወደ ቤት የሚመለሱት በአብዛኛው በእኛ በኩል አይደለም። በእናንተ በኩል ነው።

ይህን የምለው ለሙገሳ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ውሻና ድመት ጠፍተውባቸው የነበሩ ሰዎችን የጠየቀ አንድ ጥናት በ2012 ወጥቶ ነበር (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። ከጠፉት ውሾች 93 በመቶው፣ ከድመቶቹ ደግሞ 75 በመቶው ተገኝተዋል። ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ነው። አሁን እንዴት እንደተገኙ ስሙ። መጠለያ ሄደው ያገኙት የውሻ ባለቤቶች 6 በመቶ ብቻ ናቸው። የድመት ባለቤቶች 2 በመቶ። ከተገኙት ውሾች ግማሽ የሚጠጉት የተገኙት ባለቤቶቻቸው ሰፈሩን ዞረው ስለፈለጉ ነው። ከድመቶቹ ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸው ተመልሰው መጥተዋል።

መጠለያ የመጨረሻው በር ነው ማለት ነው። ያ በር ደግሞ ጠባብ ነው። ባለቤት ያለው፣ ሁለት መንገድ አልፎ የሚኖር ጎረቤት በአንድ ስልክ ሊመልሰው ይችል የነበረ ውሻ እኛ ጋ መጥቶ ቦታ ሲይዝ፣ በዓለም ላይ ማንም የሌለው ቡችላ ውጪ ያድራል። ዛሬ የመጣሁበት ጉዳይ ይሄ ነው።

ከድመት ልጀምር፤ ሰው ቶሎ ተስፋ የሚቆርጠው በድመት ነውና። በ2018 የታተመ ሌላ ጥናት ከ1,200 በላይ የጠፉ ድመቶችን ጉዳይ ተከታትሎ ነበር። ከተገኙት ውስጥ ከአራቱ ሦስቱ የተገኙት ከጠፉበት ቦታ በ500 ሜትር ውስጥ ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ። ቤት ውስጥ ኖራ በድንገት የወጣች ድመት አብዛኛውን ጊዜ ርቃ አትሄድም። ትደበቃለች። ደረጃ ሥር፣ የጎረቤት ዕቃ ቤት፣ ከጣሪያ በታች ያለ ክፍተት ውስጥ ትገባና ድምጿን ታጠፋለች። ባለቤቷ ስሟን እየጠራ በአጠገቧ ቢያልፍ እንኳ ላትመልስ ትችላለች። ስለጠላችው አይደለም፤ ድመት ስትፈራ የምታውቀው መከላከያ ዝም ማለትን ነው። ስለዚህ ጎረቤትን «ድመት አይታችኋል?» ብሎ ጠይቆ መመለስ አይበቃም። እንዴት ያዩዋታል፣ እንዳትታይ ብላ ተደብቃ? «ዕቃ ቤታችሁን እንክፈትና አብረን እንይ» በሉ። የተጠየቃችሁ ጎረቤቶችም እባካችሁ ክፈቱ። ማታ ግርግሩ ሲቀንስ ባትሪ ይዛችሁ ውጡ፤ የድመት ዓይን ብርሃን ሲያርፍበት ያንጸባርቃል፣ ቀን ያለፋችሁትን ቦታ ማታ ታዩታላችሁ። ደግሞ ሳምንት ሞላ ብላችሁ አታቁሙ። ከዚያም በኋላ የሚገኙ ብዙ ናቸው።

ውሻ ሌላ ነው። ውሻ ይሄዳል። የፈራ ውሻ ደግሞ ይሮጣል፣ አንዳንዱ የገዛ ባለቤቱን እንኳ ሳያውቅ ይሸሻል። እዚህ ላይ ነው የእኛ ደግነት ራሱ ጉዳት የሚያመጣው። አንድ ሰው «ያ የጠፋው ውሻ!» ይላል፣ ሌላው ይሮጣል፣ ልጆች ይከተላሉ፣ ሁሉም ስሙን ይጠራል፣ ውሻው ከመንገድ ወደ መንገድ እየተባረረ መኪና ፊት ይገባል። እለምናችኋለሁ፣ አታሯሩጡት። ፎቶ አንሱት፣ ሰዓቱንና የሄደበትን አቅጣጫ ያዙ፣ ለባለቤቱ ደውሉ። መጠጋት ካለባችሁም ዓይን ዓይኑን ሳታዩ ጎናችሁን ሰጥታችሁ መሬት ላይ ቁጭ በሉ፣ ምግብ ወርወር አድርጉለት፣ ጠብቁ። ትዕግሥት ይጠይቃል። ባለቤቱ ደግሞ ራሱ ለብሶት የነበረ ልብስ ወይም የውሻውን መኝታ ውሻው መጨረሻ በታየበት ቦታ ያስቀምጥ፤ ውሻ ከሰው ጥሪ ይልቅ ሽታ የሚያምንበት ጊዜ አለ።

ማስታወቂያ ስትለጥፉ አንድ ጥርት ያለ ፎቶ፣ አንድ ስልክ ቁጥር፣ ከሩቅ የሚነበብ ጽሑፍ። «አታባርሩት» የሚለውንም ጨምሩበት። ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ፖስት ስታደርጉ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ፣ ምክንያቱም ቀን የሌለው ፖስት ለወራት ሼር ሲደረግ ይኖራል፣ ውሻው ቤቱ ከገባ በኋላ እንኳ። ሲገኝም «ተገኝቷል» ብላችሁ አስተካክሉት። ሌላ ደግሞ፣ አንድ ምልክት ለራሳችሁ ደብቁ። ሆዱ ላይ ያለች ነጭ ነጥብ ትሁን፣ ጠባሳ ትሁን፣ አትጻፉት። «አግኝቼዋለሁ፣ መጀመሪያ ገንዘብ ላክልኝ» የሚል ሰው ይደውልላችኋል። ምልክቱን ጠይቁት። እንስሳውን ሳታዩ ገንዘብ አትላኩ። ሰው ልቡ በተሰበረበት ሰዓት እንዲህ የሚያታልሉ መኖራቸው በጣም ያናድደኛል፣ ግን አሉ።

እናንተ ደግሞ አግኚ ስትሆኑስ? ብዙ ጊዜ የምሰማው አባባል አለ፤ «ባለቤት ቢኖረው ኖሮ እንዲህ አይከሳም ነበር»። ይሄ ልክ አይደለም። ለሳምንታት የጠፋ ውሻ ይከሳል፣ ይቆሽሻል፣ ፀጉሩ ይጠላለፋል፣ ሰው ይፈራል። ተጥሏል ብላችሁ ቶሎ አትፍረዱ። አንድ ቤት ውስጥ በዚያች ሰዓት የሚያለቅስ ልጅ ሊኖር ይችላል። ውሻው ሰላማዊ ከሆነና መያዝ ከቻላችሁ መጀመሪያ በአካባቢው ያሉትን ጥቂት መንገዶች ይዛችሁት ዙሩ። የሚያውቀው ሰው ብዙ ጊዜ እዚያው ነው። ቀጥሎ የእንስሳት ሐኪም ወይም መጠለያ ጋ ወስዳችሁ ማይክሮቺፕ ካለው አስነብቡ። የእኔ ነው ብሎ ለሚመጣ ሰውም የድሮ ፎቶ ወይም የክትባት ካርድ አሳየኝ ማለት ነውር የለውም። እውነተኛ ባለቤት ደስ ይለዋል እንጂ አይቀየምም።

የድመት ግልገሎች ብቻቸውን ስታገኙ ደግሞ ወዲያው አታንሷቸው። እናታቸው ምግብ ፍለጋ ሄዳ ይሆናል። እስካልቆሰሉ፣ ብርድና ዝናብ ላይ እስካልሆኑ ድረስ ራቅ ብላችሁ ለጥቂት ሰዓት ተመልከቱ። ጡት ያልጣሉ ግልገሎችን ከእናታቸው ይልቅ በደንብ የሚያሳድግ ማንም የለም፤ እኛም አንችልም። በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ በጡጦ ማጥባት ማለት ነው።

ማይክሮቺፕ አልኩ፣ እሱን ላስረዳ፣ ብዙ ሰው ይሳሳትበታልና። ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ፣ በመርፌ ከቆዳ ሥር የምትገባ ነገር ናት። ባትሪ የላትም። የት እንዳለ አትናገርም፣ ስልክ ላይ አይታይም። ስካነር ሲጠጋት ቁጥር ብቻ ነው የምትሰጠው፣ በዓለም አቀፉ ደረጃ 15 አሃዝ። ያ ቁጥር ከስማችሁና ከስልካችሁ ጋር የተመዘገበ እንደሆነ ነው ጥቅም ያለው። በ2009 የታተመና 53 የአሜሪካ መጠለያዎች የተሳተፉበት ጥናት ነበር። ወደ መጠለያዎቹ ከገቡት ባለቤታቸው ያልታወቀ ድመቶች በጠቅላላው ወደ ቤት የሚመለሱት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። ቺፕ ካላቸው ድመቶች ግን ከመቶ 38 በላይ ተመልሰዋል። የውሾቹም ቁጥር ከእጥፍ በላይ ነው የጨመረው፣ ከ22 በመቶ ገደማ ወደ 52። ቺፕ ኖሯቸውም ባለቤት ያልተገኘላቸው ነበሩ። ዋናው ምክንያት ምን ነበር? የተሳሳተ ወይም የተቋረጠ ስልክ ቁጥር። ሲም ስትቀይሩ ለባንክ ታሳውቃላችሁ፣ ለዘመድ ትነግራላችሁ። የቺፑንም ምዝገባ አስቀይሩ። ደግሞ ቺፕ አለው ብላችሁ የአንገት ማሰሪያውን አታውልቁ። ማሰሪያ ላይ የተጻፈ ስልክ ቁጥር ስካነር አይፈልግም፣ ማንም መንገደኛ አንብቦ ይደውላል። አንድ ነገር ብቻ አድርጉ ብትሉኝ ይሄን ነው የምላችሁ።

አሁን ወደ መጠለያ ልምጣ።

በ1860 ለንደን ውስጥ ሜሪ ቲልቢ የምትባል ሴት ለጠፉና ለተራቡ ውሾች ማቆያ ስትከፍት ያላገጡባት ብዙ ነበሩ። ያ ማቆያ ቦታውን ቀይሮ ዛሬ ባተርሲ በሚል ስም አሁንም እየሠራ ነው። ከመነሻው ሐሳቡ ውሻውን ለጊዜው ማቆየት ነበር። ዛሬም ጥሩ መጠለያ የሚመዘነው ስንት እንስሳ እንደያዘ ሳይሆን ስንቱ ቶሎ ቤት እንዳገኘ ነው። ለምን መሰላችሁ? መጠለያ የቱንም ያህል ቢጸዳ ለእንስሳ ከባድ ቦታ ነው። ጩኸት አለ፣ የማያውቁት ሽታ አለ። በሽታ አለ፤ ቡችላ የሚገድለው ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ ወለል ላይ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ እንስሳ ሲገባ ቺፑን እናነባለን፣ እንከትባለን፣ አዲሱን ከቆዩት ለይተን እናስቀምጣለን፣ ባለቤቱ እንዲመጣ ቀናት እንጠብቃለን። ያ ሁሉ ሆኖ ግን ቤት ውስጥ ተጫዋች የሆነ ውሻ እኛ ጋ ጥግ ይዞ ሲንቀጠቀጥ ታዩታላችሁ። ሊወስደው የመጣ ሰው «ይሄ የታመመ ነው» ብሎ ያልፈዋል። በጣም ያሳዝነኛል።

ለዚህ ነው ጊዜያዊ አሳዳጊ የምንፈልገው። ለሁለት ሳምንት፣ ለአንድ ወር፣ ነፍሰ ጡር ድመት ስትሆን ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ ቤታችሁ የምታቆዩ። እንስሳው ያርፋል፣ ጠባዩ ይታወቃል፣ እኛ ጋ ደግሞ አንድ ቦታ ይለቀቃል። «እለምደውና መለየት ያቅተኛል» ይሉኛል። ያቅታችኋል፣ እውነት ነው፣ ታለቅሳላችሁም። ግን እናንተ አልቅሳችሁ እሱ ቤት ያገኛል።

ሌላው ሰው የማያወራበት ነገር፣ እንስሳውን ይዞ ወደ እኛ የሚመጣው ሰው ሁሉ ጨካኝ አይደለም። ሥራ ያጣ አለ። የታመመ አለ። አከራዩ ውሻ አልፈልግም ያለው አለ። አንድ ከረጢት ምግብ፣ ለአንድ ክትባት የሚሆን ገንዘብ፣ ሆስፒታል እስኪወጣ ድመቱን የሚያይለት ጎረቤት ቢኖረው ኖሮ አይመጣም ነበር። ሰው ከእንስሳው ጋር ያለው ትስስር ቀላል አይደለም። በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ አሜሪካን ሲመታ ውሻና ድመታችንን ጥለን አንወጣም ብለው በጎርፍ መሀል የቀሩ ብዙዎች ነበሩ፤ በማግስቱ ዓመት የአደጋ ጊዜ ዕቅዶች የቤት እንስሳትንም እንዲያካትቱ የሚያደርግ ሕግ ወጣ። አደጋ እስኪመጣ ግን አንጠብቅ። የተቸገረ ጎረቤት ካላችሁ ዛሬ ጠይቁት።

ውሻ የምትፈሩም እዚህ መሀል አላችሁ። ፍርሃታችሁ ተገቢ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ይገድላል፣ ወደ ሰው ከሚተላለፈውም እስከ 99 በመቶ የሚሆነው በውሻ በኩል ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፣ ሳይዘገይም ጤና ተቋም ይሂድ። ጠባዩ የተለወጠ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ እንስሳ ደግሞ አትንኩ፣ ለሚመለከተው አካል ተናገሩ። መፍትሔው ግን ውሾችን በመርዝ መግደል አይደለም። ሲገደሉ ቦታቸውን ሌሎች ያልተከተቡ ይይዙታል፣ የተከተቡትም አብረው ያልቃሉ። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ሲከተቡ በሽታው መተላለፉን ያቆማል። ማምከን ሲጨመርበት ደግሞ ቁጥራቸው ራሱ ይቀንሳል፤ ውሻ የምታረግዘው ለሁለት ወር ያህል ብቻ ነው፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ልትወልድም ትችላለች። ቡታን የምትባለው ትንሽ አገር ከ2009 ጀምራ ባለቤት አልባ ውሾቿን ስታመክንና ስትከትብ ቆይታ በ2023 ሁሉንም አምክኛለሁ ብላ አስታውቃለች። የጆሮዋ ጫፍ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ድመት ካያችሁም አትዘኑላት፣ መምከኗን የሚያሳይ ምልክት ነው። እንደገና ተይዛ እንዳትንገላታ ተብሎ የተደረገ።

ከዚህ ቀጥሎ የምናደርገው እንዲህ ነው። ስካነሩ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። እንስሳ ይዛችሁ የመጣችሁ ቺፑን እናንብብላችሁ፣ የተመዘገበው ስልክ ዛሬም የእናንተ መሆኑን እዚያው አረጋግጡ። ከጎኑ ለጊዜያዊ አሳዳጊዎች የሚሞላ ቅጽ አለ፣ ስንት ጊዜ ማቆየት እንደምትችሉ በእውነት ሙሉት፣ ሁለት ሳምንት ቢሆንም ይጠቅመናል። ውሻ የያዛችሁ ቅድሚያ ውሰዱ፣ ግርግሩ እየረበሻቸው ነው።