እጅ የለመደው መሪ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ ባጃጅ የፊት እግር ነው። በተለይ ስለ ቡሺንግ። የፊት ጎማውን የያዘው ክንድ ከመሪው ዘንግ ጋር የሚገናኝበት ፒን አለ አይደል? በዚያ ፒን ዙሪያ የምትገባ ትንሽ ቀለበት ናት። መዳፍ ውስጥ ትጠፋለች። እሷ ካለቀች ግን ደሴ ላይ ቁልቁለት መውረድ ሌላ ጉዳይ ይሆናል።

ይሄን ያነሳሁት አንድ ነገር በጣም ስለሚያሳስበኝ ነው። ሰው የላላ መሪን ይለምዳል። ቡሺንግ በአንድ ቀን አያልቅም፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይበላል። እጅም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይማራል። መሪው ወደ ግራ ሲስብ እጅ ሳይታዘዝ ወደ ቀኝ ይመልሰዋል። ሹፌሩን ብትጠይቁት «ደህና ነው፣ ፀባዩ እንዲህ ነው» ይላችኋል። አይዋሽም፣ እውነቱን ነው። ለእሱ ደህና ነው። ጓደኛው ተቀብሎት ከፒያሳ ሰኞ ገበያ አንዴ ደርሶ ሲመለስ ግን «አንተ፣ ይሄን እንዴት ነው የምትነዳው?» ይላል።

እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ጎበዝ ሹፌር ሲሆን ብልሽቱ ይበልጥ ይደበቃል። እጁ ስለሚሸፍንለት ዘግይቶ ነው የሚያውቀው። ከኋላ ልጅ ታቅፋ የተቀመጠችው እናት ደግሞ ጭራሽ አታውቅም። እሷ የምታውቀው ሂሳቡንና መውረጃዋን ነው።

እስኪ ለምን እንደሚያልቅ እንይ። የባጃጅን የፊት ጎማ ልብ ብላችሁ እዩት። እንደ ሞተር ሳይክል ግራና ቀኝ አልተያዘም፤ ክንዱ ያለው ባንድ ጎን ብቻ ነው። ይሄ አሠራር ከጣሊያን የመጣ ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. የወጣችውን ቬስፓ የምትባል ስኩተር የነደፈው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን ኢንጂነር ነበር። ጎማውን ባንድ ጎን የያዘው ሲተነፍስ ቶሎ እንዲፈታ ብሎ ነው። በ1948 የቬስፓ ሠሪው ፒያጆ ኩባንያ አፔ የምትባለውን ባለ ሦስት እግር አወጣ። የህንዱ ባጃጅ ኩባንያም ማምረት የጀመረው በፒያጆ ፈቃድ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እኔ አደንቀዋለሁ። ግን ዋጋ አለው። ጭነቱ ባንድ ጎን ስለሆነ ፒኑና ቡሺንጉ እኩል አይበሉም፤ ባንድ ፊት ነው የሚበሉት።

በዚያ ላይ የእኛን ከተማ ጨምሩበት። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። ከቤት ወጥተህ ወይ ትወጣለህ ወይ ትወርዳለህ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል። ኮብልስቶኑ ደግሞ ከታች ይደበድባል። ክረምት ሲገባ ጭቃው አለ። ጭቃው ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ማታ እጥበት ይወሰድና ኃይለኛ ውሃ በቀጥታ መገጣጠሚያው ላይ ይለቀቅበታል። ግሪሱ ታጥቦ ይወጣል። ባጃጁ ያብረቀርቃል፣ ውስጡ ግን ብረት ከብረት እየተፋጨ ነው። ከታጠበ በኋላ ግሪስ የሚያስገባ ስንት ሰው አለ?

ፍተሻው ቀላል ነው። እኔ የማሠራበት መካኒክ ሽማግሌ ሰው ናቸው። የፊቱን በክሪክ ያነሱትና ሥሩ እንጨት ያስገባሉ። ከዚያ እኔን ጎማውን አስይዘው «ወዲህ ወዲያ ነቅንቀው፣ ቀስ ብለህ» ይሉኛል። እሳቸው ትንሿን ጣታቸውን መገጣጠሚያው ላይ ያደርጋሉ። ግማሹ ክንዱ ላይ፣ ግማሹ ዘንጉ ላይ። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሁለቱ ብረቶች አብረው ከሄዱ ጤና ነው። አንዱ ቀድሞ ሌላው ከተከተለ ጣታቸው ይነግራቸዋል። ቀጥለው ፍሬን እንዲረገጥ ያደርጋሉ። ሲረገጥ ንቅናቄው ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ጎማው የሚዞርበት ባለ ኳስ ቀለበት ማለቴ ነው። ካልጠፋ ወይ ክንዱ ነው ወይ የመሪው ዘንግ። ከዚያ ጎማው እንደተነሳ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብለው ያዞራሉ። መሀል ላይ ጥርስ እንዳለው ያዝ ካደረገው የላይና የታቹ ኩሽኔታ መቀመጫ ተበልቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ቦታ የሚሠራ ነገር አለ፤ በጣም እቃወመዋለሁ። መሪው ሲላላ የመሪውን ዘንግ ዳዶ ማጥበቅ። ለጊዜው ፀጥ ይላል። ግን የተበላ መቀመጫ ሲጠብቅ አይጠገንም። መሪው ይደርቃል፣ ካዞርከው በኋላ በራሱ አይመለስም፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ ይቅበዘበዛል። ክንዱ ላይ ያለው ቡሺንግ ከሆነ ያለቀው ደግሞ ያንን ዳዶ ማጥበቅ ጭራሽ አያገኘውም።

የመቀየሩ ሥራ ራሱ ትዕግሥት ይፈልጋል። አሮጌው ሲወጣ መጀመሪያ የሚታየው ፒኑ ነው። አንዱ ፊቱ መስታወት መስሏል፣ ሌላው በአሮጌ ግሪስ ጠቁሯል። ጥፍራችሁን በርዝመቱ ብትጎትቱት በሆነ ቦታ ላይ ያዝ ያደርገዋል። ያቺ ደረጃ ካለች ፒኑም አብሮ መቀየር አለበት። አዲስ ቡሺንግ ባለቀ ፒን ላይ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው።

ከዚያ ቡሺንጉ የሚገባበትን ቤት ማጽዳት። ዝገት ከቀረ አዲሱ ተጣሞ ይገባል። መዶሻም አልወድም፤ የቡሺንጉን አፍ ያጣምመዋል። መካኒኬ ረጅም ብሎን አሳልፈው፣ ግራና ቀኝ ወፍራም ሮንዴላ፣ ጠፍጣፋውን የብረት ቀለበት ማለቴ ነው፣ አድርገው፣ ዳዶውን እያጠበቁ ቀስ አድርገው ይስቡታል። ቀጥ ብሎ ይገባል። የግሪስ ቀዳዳ ያለው ከሆነ ቀዳዳው ከግሪስ መግቢያው ጋር መግጠም አለበት፤ ካልገጠመ ግሪሱ ውስጥ አይደርስም። ፒኑ በእጅ ሲገፋ መግባት አለበት፣ ግን መንቀጥቀጥ የለበትም። እሱን ሲያገኙ «አብሽር፣ ገባ» ይላሉ።

በቀደም ደግሞ በበረዶ ላይ ስለሚነዱት ሞተሮች ቪዲዮ ሳይ ነበር። የውጭዎቹን ማለቴ ነው፤ ከፊት ሁለት መንሸራተቻ፣ ከኋላ ሰፊ የጎማ ሰንሰለት ያላቸው። እነሱም የመሪው ዘንግና የመንሸራተቻው እግር በቡሺንግ ውስጥ ነው የሚዞረው። ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነው። ሲያልቅ መንሸራተቻው በራሱ ጊዜ ወዲህ ወዲያ ይላል፣ ነጂውም እጁ ይለምደዋል። ወሎ ሆኜ ሳየው የእኛው ችግር ነው አልኩ። ፍተሻቸውም ያው ነው፤ ፊቱን አንስቶ መነቅነቅ።

ስለ ገንዘቡም ላንሳ። ቡሺንጉ ራሱ ርካሽ ነው። የሚከብደው ባጃጁ የሚቆምበት ቀን ነው። ሹፌሩ የቀን ገቢ ለባለንብረቱ አለበት፣ ስለዚህ «ነገ» ይላል። እኔ ይሄን በሹፌሩ ላይ አልፈርድም። ባለንብረቶች የምትሰሙኝ ካላችሁ ግን ለእናንተ ነው የምናገረው፤ ለጥገና የሚቆምበትን ቀን ገቢ አትጠይቁ። ሹፌሩ ሳይፈራ «መሪው ላልቷል» እንዲላችሁ አድርጉ።

ያሠራችሁ ደግሞ አሮጌውን ፒንና ቡሺንግ አምጡ በሉ፣ በእጃችሁ ዳሱት። ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሳችሁ ዳዶዎቹን አስፈትሹ፤ አዲስ ዕቃ ሲቀመጥ ትንሽ ይላላል። እጥበት በወሰዳችሁት ቁጥር ግሪስ ይግባበት። አሁን ክረምቱ ሳይከብድ በየሰፈራችሁ ሁለት ሆናችሁ ፈትሹ፤ አንዱ ይነቅንቅ፣ አንዱ ጣቱን ያስቀምጥ። ሰላም ዋሉ።