እንሂድ፤ ግን አንብበን እንሂድ
(ወደ ሊዝሞር የጉዞ ጽሑፍ ፌስቲቫል ከሚደረገው ጉዞ አስቀድሞ በደብሊን ለኢትዮጵያውያን አንባብያን የተደረገ ንግግር)

ክቡራን እንግዶች፣ ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የተሰበሰብነው አንድ ነገር ለመወሰን ነው። በመጪው ሰኔ በዎተርፎርድ አውራጃ፣ ሊዝሞር በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ኢምራማ የተሰኘው የጉዞ ጽሑፍ ፌስቲቫል ይካሄዳል። በቡድን እንሂድ ወይስ ይቅርብን? አስተባባሪዎቻችን ሁለቱንም ወገን አመዛዝኜ እንድናገር ጠይቀውኝ ነበር። ማመዛዘኑን ለእናንተ ትቼዋለሁ። እኔ እንሂድ ባይ ነኝ፤ ቅድመ ሁኔታዬን ደግሞ ወደ ኋላ እናገራለሁ።

ስለ አየርላንድ ሥነ ጽሑፍ የሚናገር ሰው አራቱን የኖቤል ተሸላሚዎች በመቁጠር ይጀምራል፤ ዬትስ በ1923፣ ሾው በ1925፣ ቤኬት በ1969፣ ሂኒ በ1995። (የእኛ ነው ካላልኩ በቀር ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አምስት ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ አራት ኖቤል ብዙ ነው፤ ይመርቅላቸው። እዚህ አገር በኖርኩበት ዘመን ያስቀናኝ ግን አንባቢያቸው ነው። በገጠር ከተማ፣ በሥራ ቀን ምሽት፣ ዝናብ እየዘነበ፣ አንድ ደራሲ ሲያነብ ለመስማት ከፍሎ የሚመጣው ገበሬ፣ ጡረተኛዋ ነርስ፣ የባንክ ሠራተኛው።

ሊስቶልን እንውሰድ። በኬሪ አውራጃ ያለች የገበያ ከተማ ናት። የጸሐፍያን ሳምንት የሚባለው ፌስቲቫሏ የተጠነሰሰው በ1970 ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ብራያን ማክመሐን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበር። ሌላው ጆን ቢ. ኪን መጠጥ ቤት ነበረው። ሁለቱም ስመ ጥር ጸሐፍት ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ ጠዋት ጠመኔውን ይዞ ክፍል ይገባል፣ ሌላው ማታ ባንኮኒው ኋላ ቆሞ ቢራ ይቀዳል። ከኪን ተውኔቶች ዝነኛው በ1965 የተደረሰው የአንድ ቁራሽ መሬት ታሪክ ነው፤ መነሻው በዚያው አካባቢ የደረሰ እውነተኛ የመሬት ጠብና ግድያ ነበር። እስቲ አስቡት። ጸሐፊው የሚጽፍባቸው ሰዎች ማታ ማታ ደንበኞቹ ናቸው። በወሰን የተነሣ ጠብ ምን እንደሚያመጣ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ከዚህ አዳራሽ ውስጥ በወሰን የተነሣ ዘመዱ ፍርድ ቤት ያልተመላለሰ ቢኖር እጁን ያውጣ።

እንዲህ ባለ ከተማ ደራሲ ሲዋሽ የሚያውቅበት ሰው አለ። አንባቢው የመንገዱን ስም ያውቃል፣ የሟቹን ዘመዶች ያውቃል፣ የቤቱን በር ቀለም ሳይቀር ያውቃል። የሊስቶል ፌስቲቫል ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የዘለቀው፣ እንደ እኔ ግምት፣ ከደራስያኑ ዝና ይልቅ በዚህ ዓይነቱ አዋቂ አንባቢ ምክንያት ነው። በኋላ ሌሎችም ከተሞች ተከተሉ፤ የጎልዌዩ ኩርት በ1985 ተጀመረ፣ በምዕራብ ኮርክ ደግሞ ባንትሪ የራሷ አላት። ዛሬ በበጋ ወራት ፌስቲቫል የሌለው የአየርላንድ ከተማ ፈልጎ ማግኘት ያደክማል። ሁሉም ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። አንዳንዱ መጽሐፍን ሰበብ ያደረገ የሆቴል ገበያ ነው።

ይህች አገር አንባቢዋን ሁልጊዜ አታምነውም ነበር። በ1929 የሕትመት ሳንሱር ሕግ አወጣች። ኤድና ኦብራየን በ1960 የመጀመሪያ ልብ ወለዷን ስታወጣ መጽሐፉ በገዛ አገሯ ታገደ። ጆን ማክጋሄርን ደግሞ በ1965 ሁለተኛ ልብ ወለዱ ሲታገድ የመምህርነት ሥራውንም አጣ። የከለከሉት ሰዎች አንባቢው ሕፃን ነው ብለው ያስቡ ነበር። አንባቢው ግን መጽሐፉን ከእንግሊዝ አገር በሻንጣ፣ ከልብስ ሥር አድርጎ ያስገባ ነበር። በ1967 ሕጉ ተሻሻለና አንድ ልብ ወለድ ከታገደ 12 ዓመት ሲሞላው እገዳው የሚነሣ ሆነ፤ በዚያ የተነሣ ብዙ መጻሕፍት በአንድ ጊዜ ነፃ ወጡ። ዛሬ ሁለቱም ደራስያን የአገር ኩራት ናቸው። በእኛ አቆጣጠር በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ከገበያ የተለቀመውን የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» በጋዜጣ ጠቅልላችሁ ያነበባችሁ ታላላቆቻችን ይህን ታሪክ ከእኔ ይልቅ ልትነግሩን ትችላላችሁ።

ከ2019 ጀምሮ ደግሞ የአየርላንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ያዘገየን ሰው መቅጣት ትተዋል። አባልነቱም በነፃ ነው። በጥገኝነት ማዕከል ሳለን ስማችን የተጻፈበትን የመጀመሪያ ካርድ ያገኘነው ከቤተ መጻሕፍት የሆነ ጥቂቶች አይደለንም፤ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ስንት ወረቀት እንደተጠየቅን የምታስታውሱ ልዩነቱን ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ሊዝሞር።

ከተማዋ በብላክዎተር ወንዝ ዳር ናት፤ ነዋሪዋ 1,500 አይሞላም። በሰባተኛው ክፍለ ዘመን ቅዱስ ካርታክ ገዳም ተክሎባታል፤ ገዳሙም በዘመኑ ትልቅ የትምህርት ቦታ ነበር። ቤተ መንግሥት የሚያህል ግንብ አላት። በኬሚስትሪ ትምህርት ስሙን ያጠናነው ሮበርት ቦይል በ1627 የተወለደው በዚያ ግንብ ውስጥ ነው። በ1814 ደግሞ ግንቡ ሲታደስ በግድግዳ ውስጥ የተደበቀ የብራና መጽሐፍ ተገኘ፤ የሊዝሞር መጽሐፍ ይሉታል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአይሪሽ ቋንቋ የተጻፈ ነው። የቅዱሳን ገድል ይዟል፤ ከገድሉ ጋር ደግሞ የማርኮ ፖሎ ጉዞ በአጭሩ ወደ አይሪሽ ተመልሶ ተካቶበታል። እኛ የብራናን ነገር የምናውቅ ሰዎች ነን፤ ገድልና የሩቅ አገር ወሬ በአንድ ጥራዝ መግባቱ ብዙም አይገርመንም። የሚገርመው ብራናው ወዴት እንደሄደ ነው። በ2020 የግንቡ ባለቤቶች ለኮርክ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በስጦታ ሰጡት። የእኛን ብራናዎች የያዙ ግንቦች ይህን ሰምተው እንደሆነ አላውቅም።

ወደ ሊዝሞር የሚጠራን ግን ብራናው ሳይሆን አንዲት ሴት ናት፤ ደርቭላ መርፊ። በ1931 ተወለደች፤ ያደገችውም በሊዝሞር ነው። አባቷ የአውራጃው የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበሩ። በአሥረኛ ዓመት ልደቷ ብስክሌትና አትላስ ተሰጣት፤ ሁለቱን አጣምራ ወደ ሕንድ በብስክሌት ለመሄድ ወሰነች። በ14 ዓመቷ ግን የታመሙ እናቷን ለማስታመም ትምህርቷን አቋረጠች። እናቷ እስኪያርፉ ድረስ ቤት ዋለች፤ በዚያ ሁሉ ዘመን የቀራት ማንበብ ነበር። በ1963 ብስክሌቷን አንሥታ በእርግጥም ወደ ሕንድ ሄደች። ያን ጊዜ ዕድሜዋ 31 ነበር። ጸሐፊ ከመሆኗ በፊት ያን ያህል ዘመን አንባቢ ነበረች ማለት ነው።

በእኛ አቆጣጠር በ1959 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጣች። ከምጽዋ ተነሥታ፣ በትግራይ፣ በስሜን ተራሮች፣ በጎንደር፣ በላሊበላ አድርጋ፣ አዲስ አበባ ገባች፤ አብዛኛውን በእግሯ። በትግራይ ልዕልት አይዳ ደስታ ተቀብለዋታል። ጓዟን የጫነችበት በቅሎ ስሙ ጆክ ነበር። የለንደኑ አሳታሚዋም የቁልምጫ ስሙ ጆክ ነበር። አሳታሚውን ጭኖ ዳገት ማስወጣት ያልተመኘ ደራሲ ይኖር ይሆን? መጽሐፉ በ1968 ታተመ፤ ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «በኢትዮጵያ ከበቅሎ ጋር» እንደማለት ነው። ደርቭላ ወደ ሌሎች ብዙ አገሮች ተጉዛ፣ እያንዳንዱን ጉዞ ጨርሳ ወደዚያችው ሊዝሞር እየተመለሰች ጻፈች። በ2022 በ90 ዓመቷ እዚያው አረፈች።

መጽሐፏን እወደዋለሁ። ስለምን እንደምወደውም ልናገር። አየርላንዳውያን በብዛት ያወቁን በ1984ና በ1985 በቴሌቪዥን ነው። በ1840ዎቹ ከእነሱ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብና በበሽታ አልቋል፣ ሌላ ሚሊዮን ተሰዷል፤ ስለዚህ የኮረምን ሥዕል ሲያዩ የራሳቸውን ቅድመ አያቶች አዩ። እጃቸውን ዘረጉ፤ በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ያኔ ከየትኛውም አገር ይበልጥ የሰጡ እነሱ ናቸው ይባላል። ውለታው አይረሳም። ሥዕሉም ግን አልተረሳም። እስከ ዛሬ ታክሲ ውስጥ «ከየት ነህ?» ስንባል መልሳችንን ተከትሎ የሚመጣውን ዝምታ ሁላችንም እናውቀዋለን። የደርቭላ መጽሐፍ ከዚያ ሥዕል በፊት የተጻፈ ነው። እዚያ ውስጥ ያለው ኢትዮጵያዊ የሚለምን አይደለም፤ እንግዳ የሚያሳድር፣ የሚጠራጠር፣ የሚቆጣ፣ የሚስቅ፣ አንዳንዴም የሚዘርፍ ሰው ነው። ሙሉ ሰው ነው።

ደግሞም እጣላዋለሁ። ደርቭላ አማርኛንም ትግርኛንም እምብዛም አታውቅም ነበር። ደፋርና ሐቀኛ ናት፤ ነገር ግን ቋንቋውን ሳታውቅ በሰው ጎጆ እሳት ዳር አንድ ሌሊት አድራ በማግሥቱ ፍርድ የሰጠችባቸው ቦታዎች አሉ። በቤተ ክህነታችን ላይ፣ በትምህርት ቤት ልጆቻችን ላይ። ልክ የሆነችበት አለ፤ ያልሆነችበትም አለ። የጉዞ መጽሐፍ ሁሉ አንድ ጉድለት አለበት፤ እንግዳው ስም አለው፣ አሳዳሪው የለውም። ያን ሌሊት እንጀራ የጋገሩላት እናት ስለዚያች ብቻዋን ስለምትዞር ፈረንጅ ምን አሉ? ለጎረቤት ምን ብለው አወሩ? ያ ገጽ አልተጻፈም። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ ዛሬ በደብሊን፣ በኮርክ፣ በዎተርፎርድ ይኖራሉ፤ ምናልባትም በዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋል።

ሊስቶል ደራሲዋን የምታርመው በመንገዱ ስም ነው ብያለሁ። በደርቭላ መጽሐፍ የመንገዱን ስም የምናውቀው እኛ ነን። በሊዝሞር መጽሐፉን የሚወዱ፣ እሷንም በመንገድ ላይ ሲያገኟት ሰላም ይሏት የነበሩ አንባብያን ይቀመጣሉ። የተጻፈበት ወገን ግን ወንበሩ ባዶ ነው። ማንም አልከለከለንም፤ እኛው አልሄድንም።

ስለዚህ ቅድመ ሁኔታዬ ይህ ነው። መጽሐፉን ሳናነብ አንሂድ። የባህል ልብስ ለብሰን፣ ቡና አፍልተን፣ ፎቶግራፍ ተነሥተን መመለስ እንችላለን፤ ደስ ይላቸዋል፣ እኛም ደስ ይለናል። ቡናው አይቅር። ግን እንደ አንባቢ እንሂድ። በእነዚህ ፌስቲቫሎች ወግ ተናጋሪው ካበቃ በኋላ ማይክሮፎኑ ወደ ታዳሚው ይዞራል፤ እጅ ማውጣት ብቻ ነው የሚፈለገው። «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት አለኝ» ብሎ ሩብ ሰዓት የሚወስድ ሰው በአየርላንድም አለ፤ እኛ አንጨምርበት። አንድ አጭር ጥያቄ፣ ገጹን ጠቅሰን፣ ከምናውቀው ቦታ ተነሥተን።

እንግሊዝኛችን ያሳፍረናል የምትሉ አላችሁ። በአይሪሽ የሚጽፉ ባለቅኔዎች በእነዚህ መድረኮች ላይ መጀመሪያ በቋንቋቸው ያነባሉ፤ እንግሊዝኛው ይከተላል። ከታዳሚው ብዙው አይሪሹን አጥርቶ አይሰማም፤ ቢሆንም ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። ስለ አንድ መንደር የምታስታውሱትን በአማርኛ ወይም በትግርኛ ጽፋችሁ ብታነቡ፣ ከልጆቻችን አንዱ ቢያስከትል፣ የሚያፍር ማንም የለም። ለአዘጋጆቹ ደብዳቤ ጽፈን አጭር ጊዜ እንጠይቃለን። ባይፈቅዱልንም ከታዳሚ ወንበር አያስነሡንም።

ሊዝሞር ባቡር አይደርስም። ከደብሊን በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ስለሆነ አነስተኛ አውቶቡስ እንከራያለን፤ ወጪውን ገንዘብ ያዣችን ይነግሩናል። መጽሐፉን ከየአካባቢያችሁ ቤተ መጻሕፍት ማዘዝ ትችላላችሁ፤ በአንድ ካርድ ከአገሪቱ የትኛውም ቤተ መጻሕፍት ይመጣል። ሁሉም ሰው ሁሉንም ማንበብ የለበትም። እያንዳንዱ ከመጣበት አገር ጋር የሚገናኘውን ክፍል ይያዝ፤ የትግራይ ልጅ የትግራይን፣ የጎንደር ልጅ የጎንደርን፣ የላስታ ልጅ የላሊበላን። በ1959 ዓ.ም. ነፍስ ያወቃችሁ አባቶችና እናቶች ካላችሁ እናንተ አታነቡም፤ እኛ እናነብላችሁና እናንተ «ትክክል» ወይም «አይደለም» ትላላችሁ።

ክፍፍሉን አሁኑኑ ብንጀምረው ይሻላል፤ ለነገ ካልን ይቀራል። ከስሜን እንነሣ። ከደባርቅ ወይም ከጃናሞራ የመጣ ማን አለ?