ዶሮ ሌሊት የምትሠራው ሥራ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ዶሮ አርቢዎች፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ!

እንቁላል የምትለቅሙት ጠዋት ነው። ከባዱ ሥራ የሚሠራው ግን ሁላችንም ተኝተን ሳለን ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ሌሊት ነው።

ዶሮ በሰውነቷ ውስጥ ሰዓት አላት። አንጎሏ አናት ላይ ፓይኒል የምትባል ትንሽዬ ዕጢ አለች። ሲጨልም ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን በብዛት ታመነጫለች፤ ሲነጋ ትቀንሳለች። ተመራማሪዎች የጫጩት ፓይኒል ሴሎችን ከአካሉ አውጥተው በቤተ ሙከራ ሲያኖሯቸው፣ ጨለማ ውስጥ ሆነው እንኳ ይህንኑ ዙር ለቀናት ቀጥለዋል። አውራ ዶሮም እንዲሁ ነው። የጃፓኑ ናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንደ ፈረንጆቹ በ2013 ባወጡት ጥናት፣ ቀን ከሌት ደብዛዛ ብርሃን ብቻ ባለበት ክፍል የተቀመጡ አውራ ዶሮዎች ሰዓታቸውን ጠብቀው ይጮሁ ነበር። አያቶቻችን በዶሮ ጩኸት ተነስተው መንገድ መጀመራቸው ልክ ነበር ማለት ነው።

ሌሊት የዶሮ ሰውነት ይቀዘቅዛል። ቀን ከ41 ዲግሪ በላይ የሆነው ሙቀቷ አንድ ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፣ የምታቃጥለው ጉልበትም ይቀንሳል። እንቁላል ጣይዋ ግን አታርፍም። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የጣለች ዶሮ ብዙም ሳትቆይ ቀጣዩን አስኳል ትለቃለች። ከሰዓት በኋላ ቅርፊት ወደሚሠራበት ክፍል ይገባል፣ እዚያም 20 ሰዓት ያህል ይቆያል። ካልሲየሙ በብዛት የሚለጠፈው ሌሊቱን ነው። አንዱ ቅርፊት 2 ግራም ያህል ካልሲየም ይፈልጋል። በደሟ ውስጥ በአንድ ጊዜ ያለው ካልሲየም ለሩብ ሰዓት ሥራ እንኳ በቅጡ አይበቃም። ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ ከየት ታመጣለች? ከሆዷ፤ ሆዷ ባዶ ከሆነ ከአጥንቷ። ይህ በየሌሊቱ ሲደጋገም ቅርፊቱ ይሳሳል፣ እግሯም ይደክማል።

ስለዚህ ማታዋን አደራ! ዶሮ ራሷ ታውቀዋለች። አመሻሽ ላይ አጥብቃ ትበላለች፣ ካልሲየምም የምትፈልገው ያኔ ነው። ቆጥ ላይ ስትወጣ አንገቷ ሥር ያለውን የእህል ከረጢት በጣታችሁ ዳስሱት። ሞልቶ ጠንከር ማለት አለበት። ልሙጥ ሆኖ ካገኛችሁት ያቺ ዶሮ ጦሟን ልታድር ነው። ብዙዎቻችን መኖውን ጠዋት ገልብጠን እንሄዳለን፤ እስከ 10 ሰዓት አልቋል። ይህ ልማድ ይቅር እላለሁ። ከዕለቱ መኖ ደህና ድርሻውን ከሰዓት በኋላ ስጡ።

እንቁላል በተከታታይ ጥላ አንድ ቀን ብትዘልም አትደንግጡ። አንድ እንቁላል ለመሥራት 25፣ 26 ሰዓት ሊወስድባት ይችላል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየዘገየች ትሄድና አንድ ቀን ታርፋለች።

አሁን ወደ መብራት ልምጣ። የኛ አገር ቀን ክረምት ከበጋ ብዙ አይለያይም፣ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። የፈረንጅ እንቁላል ጣይ ዝርያ ግን ጥሩ እንድትጥል ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች። የጎደለውን በአምፖል የምንሞላ ከሆነ ንጋት ላይ ብንጨምር ይሻላል። ማታ ጨምረን ድንገት ስናጠፋው፣ ወይም መብራት ሲሄድብን፣ ዶሮዋ ሳትጠግብ፣ ቆጥ ላይም ሳትወጣ ይጨልምባታል። ፀሐይ ቀስ ብላ ስትጠልቅ ግን መምሸቱ ይገባትና ትዘጋጃለች። ማብሪያውን ዛሬ በ10፣ ነገ በ12 ሰዓት ማድረግም ሰዓቷን ያዛባዋል። አቅም ያለው ሰው አምፖሉን በሰዓቱ በራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ ቆጣሪ ሰዓት ይግጠምለት፤ ከሌለ አንድ ሰው ኃላፊነቱን ይውሰድ።

ድሬዳዋንና አፋርን በመሳሰሉ ሞቃት ቦታዎች የምታረቡ ደግሞ አንድ ነገር ጨምሩ። ምግብ ሲፈጭ ሙቀት ያመነጫል። ያ ሙቀት ከቀትሩ ጋር ከተገናኘ ዶሮ ይገድላል። እዚያ ማለዳና አመሻሽ መግቡ፣ ቀትር ላይ መኖውን አንሱ። ውሃው ግን ለአፍታም አይጉደል።

በመጨረሻ፣ መኖ አቀናባሪዎች እዚህ ካላችሁ ልለምናችሁ። ለካልሲየም ብላችሁ የምትቀላቅሉት የኖራ ድንጋይ ሁሉም ዱቄት አይሁን። ዱቄቱ ቶሎ ያልፋል። ጠጠር ጠጠር ያለው ግን ሆዷ ውስጥ ቀስ እያለ እየሟሟ እስከ ንጋት ያደርሳታል። ከፊሉን እንዲህ አድርጋችሁ አቅርቡልን፤ በከረጢቱም ላይ ጻፉልን፣ አርቢው አውቆ ይግዛ።

አመሰግናለሁ።