አንድ ልጅ፣ ስድስት ሚኒስትር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ ነገ መምህር ሆናችሁ ክፍል የምትገቡ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ተማሪዎች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

ስለ አንዲት ልጅ ልንገራችሁ። ጎረቤቴ ናት፤ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ያደገች። በ2003 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል ስትገባ የትምህርት ሚኒስትሩ አቶ ደመቀ መኮንን ነበሩ። ከዚያ አቶ ሽፈራው ሽጉጤ መጡ። ቀጥሎ ዶክተር ሽፈራው ተክለማርያም፣ ዶክተር ጥላዬ ጌቴ፣ ዶክተር ጌታሁን መኩሪያ። በ2014 12ኛን ስትጨርስ ደግሞ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ። ስድስት ሰው!

ሹም ይሄዳል፣ ሹም ይመጣል፤ ይሄ ያለ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ የተጀመረው ሥራም አብሮ መሄዱ ነው።

ልጅቷ ከታላቅ ወንድሟ የወረሰቻቸውን የ10ኛ ክፍል የቆዩ አገር አቀፍ ፈተናዎች በሲባጎ አስራ አልጋዋ ሥር አስቀምጣ ነበር። ማታ ማታ አንዱን መዝዛ ትሠራለች። የሳተችውን በቀይ እስክሪብቶ ታከብበታለች። በ2012 10ኛ ስትደርስ ፈተናው ቀረ። የዚያን ዓመት መጋቢት በኮሮና ትምህርት ቤት ተዘጋ። እናቷ ቆሎ ትሸጣለች፤ ወረቀቶቹ መጠቅለያ ሆኑ። አንድ ቀን ገዝቼ ስጨርስ ቀይ ክብ ያለበት ወረቀት እጄ ላይ ቀረ።

ፈተናውን ማስቀረት ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን ለምን እንደቀረ ቁጭ ብሎ ያስረዳት ሰው የለም። እኔም አስተማሪ ሆኜ ከሬዲዮ የሰማሁትን ነው የነገርኳት።

በ2011 ዩኒቨርሲቲዎች ከትምህርት ሚኒስቴር ወጥተው በሌላ ሚኒስቴር ሥር ሆኑ። በ2014 ተመለሱ። ጥቅምት 2015 የእሷ ባች 12ኛ ክፍልን በየዩኒቨርሲቲው ተፈተነ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ጦርነቱም ኮሮናውም አለበት፤ ሁሉንም በሚኒስትሮች ላይ አልጭንም። ግን ከ12ቱ ዓመት የቱ ላይ እንደተበላሸ፣ «እኔ ነበርኩ» ብሎ የሚመልስ አልነበረም።

መቆየት ብቻውን መድኃኒት አይደለም። ከእነዚህ ስድስቱ በፊት ወይዘሮ ገነት ዘውዴ በትምህርት ሚኒስትርነት ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተዋል። በዘመናቸው በገባው የፕላዝማ ትምህርት ብዙዎቻችን ተማርረናል፤ ማስረዳት ስንጀምር ቴሌቪዥኑ ቀድሞን ይሄድ ነበር። ያኔ ግን ቅሬታችን የሚደርሰው ለጀመረው ሰው ነበር።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አዲስ ሚኒስትር የቀድሞውን ዕቅድ ከመተዉ በፊት ምን እንደተጀመረ፣ ምን እንዳስገኘ፣ ለምን እንደሚቀር ለምክር ቤቱ ያስረዳ። ለውጡንም መምህሩ ቢያንስ አንድ ዓመት ቀድሞ ይስማ። እናንተም ክፍላችሁ ውስጥ የሠራውንና ያልሠራውን ጻፉ፤ ሚኒስትሩ ሲቀየር እናንተ እዚያው ናችሁ።

የልጅቷ ታናሽ እህት ዘንድሮ 6ኛ ክፍል ናት፤ ለክልላዊ ፈተና እየተዘጋጀች ነው። ባለፈው ሳምንት በር ላይ አግኝታኝ «ጋሼ፣ ይሄም ይቀራል እንዴ?» አለችኝ። አይቀርም ለማለት ድፍረት አጣሁ።

አመሰግናለሁ።