የመክፈቻ ንግግር፦ ቆርቆሮው ይቆየን

የተከበራችሁ የዓሣ ማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፣ ከጎርጎራና ከደልጊ ድረስ የመጣችሁ ወገኖች፣ እንኳን ወደ ባሕር ዳር በደህና መጣችሁ።

ዘንድሮ ከሁላችሁም የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው። «እኛስ መቼ ነው ዓሣ በቆርቆሮ የምናሽገው?» ይገባኛል። ጾም ሲገባ የሱፐርማርኬቱ መደርደሪያ በውጭ ቱናና ሰርዲን ይሞላል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለሊቃውንቱ ልተወው። ግን ጣና ደጃችን ተኝቶ የሰው አገር ዓሣ ስንገዛ ያናድዳል።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። ከታሸገ ቱና ላኪዎች አንደኛዋ ታይላንድ ናት። በሰርዲን ሞሮኮን የሚያህል የለም። እኛ ግን ቆርቆሮውን ራሱን በዶላር ልናስመጣ ነው። ዓሣው ከታሸገ በኋላ ደግሞ ወደ 120 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ እንፋሎት መብሰል አለበት። ያ ካልሆነ ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ በሽታ የሚያመጣ መርዝ ስላለ፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። መብራት እየሄደ እየመጣ እንዴት ይሆናል? አንድ ነገር ልጨምር። የታሸገ ሰርዲን አካባቢን ሲጎዳ ትልቁ ድርሻ ብዙ ጊዜ የዓሣው ሳይሆን የቆርቆሮው ነው። ብረቱንና አሉሚኒየሙን ለማምረት የሚፈጀው ኃይል ብዙ ነው። ትልልቆቹ አሻጊዎች ራሳቸው ቆርቆሮውን እያሳሱ፣ አንዳንዱን ቱና በከረጢት እያሸጉ ነው። እነሱ እየሸሹት ያለውን ነገር እኛ ተበድረን እንግባበት?

የእኛ ገንዘብ ያለው በምንጥለው ላይ ነው። ከ3 ኪሎ ቀረሶ ዓሣ የሚወጣው ፊሌቶ (አጥንት የሌለው ሥጋ) 1 ኪሎ ቢሆን ነው። ጭንቅላቱ፣ አጥንቱ፣ ቆዳውና ሆድ ዕቃው ሐይቁ ዳር ይደፋል። ይሸታል። የሚያመሰግኑን ፔሊካኖቹ ብቻ ናቸው። ዶሮ አርቢዎች ግን የመኖ ዋጋ ጨረሰን ይላሉ። ያ የምንደፋው ተቀቅሎ፣ ተጨምቆ፣ ደርቆ ሲፈጭ ጥሩ መኖ ነው። አይስላንዶች ከኮድ ዓሣ ቆዳ የቁስል ማከሚያ እስከ መሥራት ደርሰዋል። እዚያ እንድረስ አላልኩም፤ ለጊዜው ዶሮው ይበቃናል።

ዓሣ ለምታጨሱት እህቶቻችንም የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ከሴኔጋል ባለሙያዎች ጋር የሠራው ቲያሮይ የሚባል ምድጃ አለ። ማገዶ ይቆጥባል፣ ጭሱንም ይቀንሳል። በመተማ በኩል ወደ ሱዳን በሚሄደው የዓሣ ቋንጣ ብቻ፣ ያውም በጦርነት ላይ ባለ ገበያ፣ ተንጠልጥለን አንዘልቅም።

ይህ ሁሉ ግን ዓሣ ሲኖር ነው። ነጭ ዓሣ በክረምት ሊራባ ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ሲወጣ፣ ወንዙ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጉ ሰዎች መካከላችን አሉ። እንተዋወቃለን። ያንን እያደረግን ስለ አረንጓዴ ምርት ብናወራ ማን ያምነናል?

ከሰዓት ሁለት የውሳኔ ሐሳብ ይቀርባል። አንዱ ለተረፈ ምርቱ የጋራ ማድረቂያ እንድናዋጣ ነው። ሌላው በመራቢያ ወቅት ወንዝ አፍ ላይ ከተያዘ ዓሣ አንድም ኪሎ እንዳንረከብ ነው። ሁለተኛው እንደሚያከራክረን አውቃለሁ። እንከራከር። ጉባኤው ተከፍቷል።